«ከልሱ» ሲባሉ እንዳይገለብጡ፦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማርቀቅና መከለስ ለማስተማር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

አንድን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «ጽሑፍህን ከልሰህ አምጣ» ቢሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣልዎት ያንኑ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ አምሮ፣ ስርዙ ጠፍቶ፣ ኅዳጉ በማስመሪያ ተሰምሮ። አንድ ሐሳብ አልተጨመረበትም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ከቦታው አልተነቃነቀም። ልጁ ሰንፎ አይደለም። እስከዚያች ቀን ስለ ጽሑፉ የሰማው አስተያየት በሙሉ ስለ እጅ ጽሑፉ፣ ስለ ፊደል ግድፈቱና ስለ ደብተሩ ንጽሕና ስለነበረ «የተሻለ ጽሑፍ» ማለት የጸዳ ጽሑፍ መስሎታል። መከለስ በትእዛዝ አይመጣም። እንደ መደመርና እንደ መቀነስ ሁሉ መምህሩ ሠርቶ እያሳየ፣ እያለማመደ፣ ደግሞም እያሳየ የሚያስተምረው ሥራ ነው።

መመሪያው በዋናነት ከ2ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው ብለን ተነስተናል። የእርስዎ ከዚህ ካጠረ ማብራሪያዎን ያሳጥሩ፤ ልጆቹ ዝም ብለው የሚጽፉባቸውን ደቂቃዎች ግን አይንኩ።

ረቂቅ፣ ክለሳ፣ እርማት

እነዚህን ሦስት ቃላት በትልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ዓመቱን ሙሉም በአንድ ትርጉም ብቻ ይጠቀሙባቸው። ረቂቅ ሐሳብን ከጭንቅላት አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ክለሳ «ያልኩት ነገር ለሚያነበው ሰው ይገባል? ይበቃል? ቦታው እዚህ ነው?» ብሎ ሐሳቡንና አቀማመጡን መለወጥ ነው። እርማት ደግሞ ፊደልን፣ ሥርዓተ ነጥብንና የቃላትን ስምምነት ማስተካከል ነው። ሦስቱ ተደበላልቀው ከተሰጡ እርማት ሌሎቹን ይውጣቸዋል፤ ምክንያቱም ለልጅም ለመምህርም በዓይን ቶሎ የሚታየው የፊደል ስሕተት ነው።

መለየቱ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። አዋቂ ሲጽፍ ፊደል ስለ መቅረጽ አያስብም። ልጅ ግን የፊደሉን ቅርጽ፣ የድምፁን ዘር፣ የመስመሩን ቀጥታ፣ የሚቀጥለውን ቃልና ጠቅላላ ሐሳቡን ባንድ ጊዜ ይሸከማል። አንዱን ሸክም ካላወረዱለት ሐሳቡን ይጥለዋል። ካርል ቤሬይተርና ማርሊን ስካርዳማሊያ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት ጀማሪ ጸሐፊ ስለ ርእሱ ወደ አእምሮው የመጣውን ተራ በተራ እየጻፈ ይሄዳል፤ የሚመጣለት ሲያልቅ ያቆማል። «ጨርሻለሁ!» የሚለው ድምፅ በስድስተኛው ደቂቃ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ በ1981 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ትንተና ደግሞ ማቀድ፣ ሐሳብን ቃል ማድረግና መለስ ብሎ ማየት በጸሐፊ አእምሮ ውስጥ እየተመላለሱ የሚሠሩ እንጂ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ አይደሉም። ይህም ልክ ነው። እዚህ የምንሰጠው የቀን አከፋፈል ለማስተማር የተሠራ መወጣጫ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እያረቀቀ አንድ አንቀጽ ቢሰርዝና ቢያዛውር ይተዉት፤ የምንፈልገውም እዚያ እንዲደርስ ነው።

ጊዜና ዕቃ

አንድ ጽሑፍ ከንድፍ እስከ ንጹሕ ቅጂ አምስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ወሬና ንድፍ፣ በሁለተኛው ረቂቅ ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ጽሑፉ ይቀመጥና ሌላ ትምህርት ያስተምራሉ። በአራተኛው ቀን ሠርተው ያሳዩና ተማሪው የራሱን ይከልሳል። በአምስተኛው በጥንድ ይከለሳል፤ በስድስተኛው ታርሞ ይገለበጣል። የሦስተኛው ቀን ዕረፍት የባከነ ጊዜ እንዳይመስልዎ። ጽሑፉን በጻፈበት ሰዓት የሚያነብ ልጅ የሚያነበው ወረቀቱን ሳይሆን በአእምሮው ያለውን ነው። አንድ ቀን ሲያድር የጎደለው ነገር ለራሱም ይታየዋል።

ሁሉም ጽሑፍ ይህን መንገድ መሄድ የለበትም። ሦስት ወይም አራት ረቂቅ ካስጻፉ በኋላ ልጁ ራሱ አንዱን መርጦ ይከልስ። ምርጫው የሱ ሲሆን ለመድከም ፈቃደኛ ይሆናል፤ እርስዎም የሚያነቡት ወረቀት ይቀንሳል። የአሜሪካ የትምህርት ሳይንስ ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. ለመምህራን ያወጣው ምክር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በቀን 1 ሰዓት ለጽሕፈት እንዲመደብ፣ ግማሹም ለማስተማር ግማሹም ለመለማመድ እንዲውል ይላል። ያን ያህል ጊዜ በሌለበት ክፍል በሌሎች ትምህርቶች የሚጻፉ አጫጭር ጽሑፎችም እንደ ረቂቅ ሊቆጠሩ ይችላሉ። በሳይንስ ትምህርት ላይ «ውኃው ሲፈላ ያየሁት» ብሎ የተጻፈ አምስት መስመር ጥሩ የክለሳ መለማመጃ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው፤ ሁለት ነገር ግን ሳይታለፍ ይደረግ። አንደኛ፣ ረቂቅ አንድ መስመር እየተዘለለ፣ በግራው ገጽ ላይ ብቻ ይጻፋል። የተዘለለው መስመርና ባዶው የቀኝ ገጽ የክለሳ ቦታ ናቸው። ቦታ የሌለው ልጅ አይጨምርም፤ የሚጨምርበት ቦታ እንዳያጣ ሲል ብቻ «ይበቃል» ይላል። ሁለተኛ፣ በረቂቅ ቀን ላጲስ ከጠረጴዛ ይነሳል። ልጁ የማይፈልገውን ቃል በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዞ ይቀጥላል። ላጲስ ያለው ልጅ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ጽፎ አምስት ጊዜ ሲያጠፋ ደወል ይደወላል። ከዚህ ሌላ ረቂቁ በእርሳስ ከተጻፈ ክለሳው በሰማያዊ፣ እርማቱ በሌላ ቀለም ቢሆን ማን ምን እንደለወጠ በአንድ እይታ ይታያል።

ከረቂቅ በፊት፦ ርእሱን ማጥበብና ማውራት

«የዕረፍት ጊዜዬ» የሚል ርእስ ለልጅ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሁሉንም ሊናገር ሞክሮ ምንም ሳይናገር ይወጣል። እንዲህ ያጥብቡለት፤ «ከዕረፍት ጊዜህ አንድ ቀን ምረጥ። ከቀኑ አንድ ሰዓት። ከሰዓቱ ደግሞ ለጓደኛህ የምትነግረውን አንድ ነገር።» «የዕረፍት ጊዜዬ» የነበረው «ብስክሌቱ ፍሬን እምቢ ያለኝ ቀን» ይሆናል። ለገላጭና ለአስረጂ ጽሑፍም ያው ነው፤ ከ«ውሻ» ይልቅ «ውሻ ሲፈራ እንዴት ይታወቃል» ይሻላል።

ከዚያ ይነጋገሩ። ጥንድ ጥንድ ተቀምጠው አንዱ 3 ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሰሚው ሁለት ጥያቄ ብቻ ይፈቀድለታል፤ «ከዚያስ ምን ሆነ?» እና «ምን አየህ?»። በቃል ያልተነገረ ነገር በጽሑፍ አይመጣም፤ በተለይ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል። ወሬው እንዳለቀ ወዲያው አምስት ወይም ስድስት ቃል ያላት ቢጋር፣ ማለትም የጽሑፉን ንድፍ፣ ይጻፉ፤ ዓረፍተ ነገር አይደለም፣ ቃል ብቻ፦ ቁልቁለት፣ ፍሬን፣ ጩኸት፣ ድንጋይ፣ ጉልበት። ቢጋሩ ወደ ዓረፍተ ነገር ከተለወጠ ልጁ ረቂቁን እንደ ጻፈ ይቆጥረዋል፤ በማግስቱም እሱኑ ይገለብጣል። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ሦስት ክፍል ያለው ሥዕል የቢጋሩን ቦታ ይተካል።

ረቂቅ የሚጻፍበት ቀን

መጀመሪያ እርስዎ ይጻፉ። 5 ደቂቃ ያህል በሰሌዳው ላይ፣ ጮክ ብለው እያሰቡ፣ ከልጆቹ ርእስ የተለየ ነገር ያርቅቁ። ሆን ብለው አንድ ቃል ይሰርዙ፤ «ይሄን በኋላ አየዋለሁ» ብለው አንድ የተጠራጠሩበትን ቃል ያስምሩበት። ልጆች መምህር ሲጽፍ ያዩት ሁልጊዜ የተስተካከለ ማስታወሻ ሲገለብጥ ስለሆነ ጎበዝ ሰው አይሰርዝም ብለው ያምናሉ። ሲጨርሱ ሰሌዳውን ያጥፉት። ካላጠፉት ከክፍሉ ሲሶው የእርስዎን ጽሑፍ ስሙን ብቻ ቀይሮ ያመጣልዎታል።

ቀጥሎ ጽሞና። ለ2ኛ ክፍል ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለ3ኛና ለ4ኛ 15፣ ለ5ኛና ለ6ኛ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል። ሕጉ አጭር ነው፤ እጅ አይቆምም፣ ፊደል አይጠየቅም። ያልታወቀ ቃል በጆሮ እንደተሰማው ተጽፎ ከሥሩ ይሰመርበታል። «ቲቸር፣ ‹ተንቀጠቀጠ› እንዴት ይጻፋል?» ለሚለው መልስዎ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ «እንደሰማሽው ጻፊና አስምሪበት፤ በእርማት ቀን እናየዋለን።» ለአንዱ ልጅ ፊደል ከነገሩ ወዲያው አሥር እጅ ይወጣል።

«ስንት መስመር ነው?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ቁጥር ከሰጡ ቁጥሩ ላይ ይቆማሉ። «ጓደኛህ ያልነበረበት ሆኖ ሳለ እንዳየው እስኪሆንለት» ይበሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለቆመ ልጅ ቢጋሩን ያሳዩትና ጣትዎን ገና ያልተጻፈ ቃል ላይ ያድርጉ፤ ከዚህ በላይ አይናገሩ። ምንም ላልጀመረ ልጅ ደግሞ «የመጀመሪያውን ተው፤ በጣም የምታስታውሰውን ቦታ ጻፍ» ይበሉት። መግቢያ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ስለሆነ መሃሉን ጽፎ ወደ መግቢያው መመለስ ይችላል፤ ብዙ ልጆች ግን ይህ የሚፈቀድ አይመስላቸውም።

ረቂቆቹን ሲሰበስቡ እስክሪብቶ አይያዙ። እያንዳንዱን በአንድ ደቂቃ ያንብቡና ወረቀቶቹን ሦስት ቦታ ይክፈሉ፦ ሐሳብ የጎደለው፣ ሐሳብ ኖሮት የተዘበራረቀ፣ ተስተካክሎ ሳለ ሕይወት የሌለው። 60 ተማሪ ቢኖርዎ ሥራው አንድ ሰዓት ነው። የአራተኛው ቀን ትምህርትዎ ምን እንደሚሆን የሚነግርዎት ከሦስቱ ትልቁ ክምር ነው።

ክለሳን ሠርቶ ማሳየት

ለልጅ መከለስ አራት ነገር ብቻ ነው ይበሉ፦ መጨመር፣ መቀነስ፣ ማዛወር፣ መተካት። ለየአንዳንዱ ምልክት ያስተምሩ። ሲጨምር በቦታው ላይ ኮከብ ያደርግና በባዶው ገጽ ላይ ያንኑ ኮከብ አድርጎ አዲሱን ሐሳብ ይጽፋል፤ ሁለተኛ ጭማሪ ካለው ሁለት ኮከብ ያደርጋል። ሲቀንስ በአንድ መስመር ይሰርዛል። ሲያዛውር ዓረፍተ ነገሩን ከብቦ በቀስት ይወስደዋል። ሲተካ አሮጌው ቃል ላይ አስምሮ በተዘለለው መስመር አዲሱን ይጽፋል። አራቱን በአንድ ቀን አያስተምሩ። ለ2ኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ መጨመር ብቻ ይበቃል፤ ከ3ኛ እስከ 4ኛ መተካትና ቀላል መቀነስ ይታከላሉ። ማዛወር ጽሑፉን በሙሉ ባንድ ጊዜ ማየት ስለሚጠይቅ ከ5ኛ ክፍል በፊት ብዙ አይሳካም።

ማሳያው ደካማ ረቂቅ ይሁን፤ የክፍልዎ ልጅ የጻፈው ግን አይሁን። ለምሳሌ ይህን ይጻፉ፦

«ቅዳሜ ብስክሌት ነዳሁ። ከወንድሜ ጋር ነበርኩ። ከዚያ ወደ ታች ሄድኩ። ከዚያ ወደቅሁ። ከዚያ ጉልበቴ ቆሰለ። ከዚያ ወደ ቤት ገባሁ። በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር።»

ጮክ ብለው ያንብቡና አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ይህን ልጅ ብታገኙት ስለየትኛው ቦታ ትጠይቁታላችሁ?» ሁሉም «ስለ መውደቁ!» ይላሉ። ቁልፉ ነገር እዚህ አለ፦ ትልቁ ነገር የተነገረው በአንድ ቃል ነው፤ ቅዳሜ መሆኑና ወደ ቤት መግባቱ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አግኝተዋል። የልጆች ረቂቅ ሁሉንም ነገር እኩል ያስኬዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው የክለሳ ትምህርት «ልቡ የቱ ጋ ነው?» የሚል ይሁን። «ወደቅሁ» ላይ ኮከብ ያድርጉና ከልጆቹ ጋር በባዶው ሰሌዳ ላይ እንዲህ ያለ ይጻፉ፦

«ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ፍሬኑን ጨበጥኩት፤ አልያዘም። ወንድሜ ከኋላዬ ‹እግርህን አውርድ!› እያለ ይጮሃል። እግሬን ሳወርድ የፊቱ ጎማ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ዓይኔን ስገልጥ መሬት ላይ ነበርኩ፤ የኋላው ጎማ ግን አሁንም ይሽከረከራል።»

ሐሳቡን ለማውጣት የሚረዱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ምን አየ፣ ምን ሰማ፣ እጁና እግሩ ምን አደረጉ። «ምን ተሰማህ?» የሚለውን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ቀድሞ ከተጠየቀ መልሱ «ፈራሁ» ብቻ ይሆንና በሩ ይዘጋል። ቀጥለው «ቆሰለ» በሚለው ፈንታ «ተላጠ» ቢባል ምን እንደሚለወጥ ያሳዩ። በመጨረሻ «በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር» የሚለውን አንብበው «እውነት?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ዓረፍተ ነገር በብዙ ደብተር መጨረሻ ላይ የሚገኘው ልጆች ጽሑፍ በዚህ ያልቃል ብለው ስለለመዱ ነው፤ የወደቀ ልጅ እንኳ ይጽፈዋል። መቀነስን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ማሳያው ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ወዲያው ልጆቹ የራሳቸውን ረቂቅ ይዘው ልቡ ያለበትን ቦታ ይፈልጉ፣ አንድ ኮከብ ያድርጉ፣ ቢያንስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። እዚህ ላይ ቁጥር መስጠት ይጠቅማል፤ በረቂቅ ቀን የጎዳው ቁጥር በክለሳ ቀን ይረዳል፤ የሚጨምረው ሐሳብ ቦታው ታውቆለታልና።

በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ለይተው የሚፈልጓቸው

የቋንቋው ጠባይ የሚያመጣቸው ችግሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ቀን የክለሳ ትምህርት ይወጣቸዋል።

የመጀመሪያው ባለቤቱ የጠፋ ግስ ነው። በአማርኛ ግሱ ብቻውን ባለቤቱንም ተሳቢውንም ስለሚይዝ ልጁ ስም መጥራት አያስፈልገኝም ይላል። «ሳሙኤልና ዮናስ ተጣሉ። ገፋው። ወደቀ። ከዚያ አለቀሰ።» ማን ማንን ገፋ? ያየው ልጅ ያውቃል፤ አንባቢው አያውቅም። ሁለት ተማሪ አስነስተው ጽሑፉን ቃል በቃል እንዲተውኑት ያድርጉ። ሁለቱም ቆመው ይተያያሉ፤ ክፍሉ ያኔ ይገባዋል። ከዚያ «ማን?» የሚል ጥያቄ የሚያስነሳ ግስ ሁሉ ላይ ስም ያስገቡ። በሁሉም ግስ ላይ እንዳይጨምሩ ግን ይጠንቀቁ፤ «ሳሙኤል መጣ። ሳሙኤል ተቀመጠ። ሳሙኤል በላ» የሚል ጽሑፍ የዚሁ ትምህርት ጠባሳ ነው።

ሁለተኛው የማያልቅ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ለብሼ ቦርሳዬን ይዤ ወጥቼ ሮጬ ደርሼ ገብቼ ተቀመጥኩ።» ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ ለዚህም ነው ልጁን «ተሳስተሃል» ማለት የማይሠራው። ችግሩ ከዘጠኙ ድርጊቶች የትኛው እንደሚበልጥ አለመታወቁ ነው። በየመሃሉ አራት ነጥብ ማስገባት ብቻውን አይፈታውም። «ከነዚህ ውስጥ ባይነገር የማይጎድለው የቱ ነው?» ብለው መጀመሪያ ያስቀንሱ፤ የቀረውን ይከፋፍሉ።

«ከዚያ» ተደጋግሞ ሲመጣ ብዙ መምህራን ቃሉን ይከለክላሉ። ውጤቱ «ከዛም በኋላ»፣ «ቀጥሎም»፣ «በመቀጠልም» ነው፤ ያው አጥር በሌላ ቀለም። ይልቅ ልጁ «ከዚያ»ን ሁሉ ይክበብና በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ዝምድና ምን እንደሆነ ይናገር። ምክንያት ከሆነ «ስለ»፣ ተቃራኒ ከሆነ «ግን»፣ እኩል ጊዜ ከሆነ «ሲ-» ወይም «እያ-» ይገባል፤ የጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ ከሆነ አብዛኛው ያለ ምንም ማያያዣ ይቆማል።

ጥንድ ሆኖ መከለስ

ሳያለማምዱ «ተቀያየሩና አስተያየት ስጡ» ካሉ ሁለት ነገር ብቻ ያገኛሉ፦ «ጥሩ ነው» ወይም የፊደል እርማት። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጥንድ ከፊት አስቀምጠው ክፍሉ በሙሉ እያየ ያሠሯቸው።

ሥርዓቱ ይህ ነው። የጽሑፉ ባለቤት ያዳምጣል፤ ጓደኛው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ብዙ መመሪያ ባለቤቱ ራሱ ያንብብ ይላል፤ በእኛ ፊደል ግን ሌላ ሰው ቢያነበው የተሻለ ይጠቅማል። መጥበቅና መላላት በጽሑፍ ስለማይታይ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይኖራል» ይሆናል። ባለቤቱ ሲያነብ ያሰበውን ያነባል፤ ጓደኛው ግን ሐሳቡ ካልጠራ ይደናቀፋል። ባለቤቱ ጓደኛው በተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋል፤ እነዚያ ነጥቦች የክለሳ ቦታዎች ናቸው። ከዚያ አንባቢው በራሱ አነጋገር የገባውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግረዋል፤ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፦ «ፍሬኑ ለምን አልያዘም?» እንጂ «ስለ ፍሬኑ ጨምር» አይደለም። ጥያቄው በባዶው ገጽ ላይ ይጻፋል። መመለስ ወይም መተው የባለቤቱ ሥልጣን ነው፤ ይህን በግልጽ ይንገሯቸው። አንድ ጥንድ ለአንድ ጽሑፍ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። የሌላ ልጅ ወረቀት ላይ መጻፍ የሚፈቀደው ለዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ገና የሚንተባተብ አንባቢን ከጎበዝ ጋር ካጣመሩ ጎበዙ ሁሉንም ይወስደዋል። በንባብ ደረጃ የተቀራረቡትን ያጣምሩ፤ ጥንዱንም ቢያንስ ለአንድ ወር አይቀይሩ።

ከተማሪ ጋር ለብቻ መነጋገር

በክለሳ ክፍለ ጊዜ በየመቀመጫው እየዞሩ ከ4 እስከ 6 ተማሪ ያነጋግሩ፤ ለእያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ። ክፍሉ ትልቅ ከሆነ አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸውን አምስቱን ሰብስበው በ6 ደቂቃ ይጨርሱ። «እስኪ ንገሪኝ፣ ስለ ምን እየጻፍሽ ነው?» ብለው ይጀምሩ። የምትናገረው ከጻፈችው ይልቅ የተሟላ ሆኖ ያገኙታል። ያኔ «አሁን የነገርሽኝ ወረቀቱ ላይ የቱ ጋ ነው?» ይበሉ። ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ሳያስፈልግ «አልጻፍኩትማ» ትላለች። እርሳሱ በእርሷ እጅ ይቆይ። እርስዎ ከያዙት ዓረፍተ ነገሩ የእርስዎ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲጽፉላት ትጠብቃለች። አንድ ነገር ብቻ ሰጥተው ይሂዱ፤ ምን እንደሰጡም በስም ዝርዝርዎ ላይ በሁለት ቃል ይያዙ፤ «ባለቤት ጠፍቷል»፣ «ልቡ አጭር»።

እርማትና ንጹሕ ቅጂ

እርማት ሐሳቡ ካለቀ በኋላ ይመጣል፤ ምክንያቱም ነገ የሚሰረዝን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ማረም ድካም ነው፤ የታረመውንም ልጁ ለመሰረዝ ይሳሳለታል። በአንድ ጽሑፍ ላይ ከሦስት ዓይነት ስሕተት በላይ አይፈልጉ። ለ3ኛ ክፍል ለምሳሌ አራት ነጥብ፣ የግስና የባለቤት ስምምነት («ልጆቹ መጣ» ሳይሆን «ልጆቹ መጡ»)፣ እንዲሁም ድምፅ የሚለውጥ የፊደል ግድፈት («መጣች»ን «መጠች» ማለት) ይበቃሉ። ነጠላ ሰረዝና ትእምርተ ጥቅስ በ4ኛ፣ ድርብ ሰረዝ በ5ኛ ወይም በ6ኛ ክፍል ይደርሳሉ። በሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም በሀ፣ ሐ እና ኀ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ ላይ የክፍሉን ጊዜ አያባክኑ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ፀሐይ» ብሎ የጀመረ «ጸሀይ» ብሎ እንዳይጨርስ ብቻ ይጠይቁ።

አነባበቡ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው ይሁን። ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ታሪኩ ዓይንን ይጎትተዋል፤ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይቆማል። በረቂቅ ቀን የተሰመረባቸው ቃላት አሁን ይታያሉ፤ ከየልጁ ሁለት ቃል ወደ ደብተሩ የኋላ ገጽ ይገባል። ከዚህ በኋላ ብቻ ይገለበጣል። መገልበጥ የሚያስፈልገው ጽሑፉ ለሌላ ሰው የሚቀርብ ከሆነ ነው፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ለታናናሽ ክፍል ይነበባል፣ በክፍሉ መጽሔት ውስጥ ይገባል። አንባቢ የሌለውን ጽሑፍ መገልበጥ የእጅ ጽሑፍ ልምምድ ነው፤ በዚያው ስሙ ይጠራ።

በኮምፒውተር የሚጽፉ ከሆነ መከለሱ ይቀላል፤ ረቂቁ ግን ያለ ዱካ ይጠፋል። ክለሳ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉ በሌላ ስም ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ምን እንደተለወጠ እርስዎም ልጁም አታውቁም።

ነጥብ አሰጣጥ

ነጥብ የሚሰጠው ለንጹሑ ቅጂ ብቻ ከሆነ እስካሁን የተባለው ሁሉ ይፈርሳል። ከ20 ሲታሰብ ለይዘት 8፣ ለቅደም ተከተል 4፣ ለክለሳ 5፣ ለእርማት 3 የሚል አከፋፈል ይሞክሩ። የክለሳው 5 ነጥብ የሚሰጠው ረቂቁና ቅጂው ጎን ለጎን ታይተው ነው። ቢያንስ አንድ የሐሳብ ለውጥ ከሌለ፣ ቅጂው ምንም ያህል ቢያምር፣ ዜሮ ነው። ይህን ቀድመው ይንገሯቸው። በሌላ በኩል ረቂቁ ብዙ ተሰርዞ ቅጂው አሁንም ደካማ የሆነ ልጅ የክለሳውን ነጥብ ሙሉ ያግኝ፤ ሥራውን ሠርቷልና።

በወረቀቱ ላይ የሚጽፉት አስተያየት ሁለት መስመር ይሁን። አንዱ በሥራው የተሳካውን ቦታ በትክክል ይጥቀስ፦ «የኋላው ጎማ ሲሽከረከር አየሁት።» ሌላው አንድ ጥያቄ ይሁን። «ጥሩ ሙከራ፣ በርታ» ለማንኛውም ወረቀት ይሆናል፤ ልጁም ያውቀዋል። ቅጂው ላይ የቀሩትን ስሕተቶች በሙሉ በቀይ ማስመር አያስፈልግም። ያልተማሩትን ይተዉት፤ የተማሩትን ከመስመሩ ዳር በነጥብ ያመልክቱና ልጁ ራሱ ያግኘው።

ረቂቁ ከቅጂው ሥር ተሰፍቶ በየተማሪው ፎልደር ይቀመጥ። በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክለሳቸውን አውጥተው ኮከቦቹን ይቁጠሩ፣ ከአራቱ የክለሳ ዓይነቶች የትኛውን እንደተጠቀሙ ከጎኑ ይጻፉ። መጨመር ብቻ ለሆነበት ልጅ የሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ትምህርት መቀነስ ነው።